የማሽን ሾፕ መምህሩና ያልታረመው ስዕል

በሥራ ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ ነበር። የተኛውን ላለመቀስቀስ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ኩሽና ይገባሉ፤ ሻይ ይጥዳሉ፤ ውሃው እስኪፈላ መስኮቱ ሥር ቆመው በጥፍራቸው ውስጥ የቀረውን የማሽን ዘይት በስንጥር ያወጣሉ። ሻዩን ሳይቀመጡ ይጠጣሉ። ከዚያም የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል፤ የሚሽከረከር ማሽን ቀለበት ካገኘ ጣት ጨምሮ ነው የሚወስደው። ሰማያዊ ቱታቸውን በፌስታል ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ ለብሰውት አይወጡም። «ዘይቴን ለሰው ወንበር አላከፋፍልም» ይሉ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲል የኮሌጁን የማሽን ሾፕ በር ይከፍታሉ። ተማሪዎች ከመድረሳቸው በፊት ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው በእያንዳንዱ ቶርኖ አጠገብ ይቆማሉ፤ ማሽኑን ሳያስነሡ ብረት የሚነክሰውን መንጋጋ በእጃቸው አንድ ዙር ያዞሩና ያዳምጣሉ። ቶርኖዎቹ ሰባት ናቸው። የሚሠሩት ሦስቱ ናቸው። ሰባቱንም ያዳምጡ ነበር።

እኚህ መምህር ኅዳር 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በሒሳብ ከክፍላቸው ሁለተኛ ወጥተው ነበር። አባታቸው በመኪና አደጋ እግራቸውን ካጡ በኋላ ግን ትምህርቱ ቀረ። ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ፣ «እኔ አልተውኩትም፤ እሱ ነው የተወኝ» ከማለት በቀር የሚጨምሩት አልነበረም።

በ1972 ዓ.ም. በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ከማሽኖቹ ሥር የሚወድቀውን የብረት ፍቅፋቂ መጥረግ ነበር። የቶርኖው ኃላፊ፣ ሁሉም «አለቃ» የሚሏቸው ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ አንድ ቀን ሁለት ዘንጎች በአዲሱ ጠራጊ እጅ ላይ አኑረው፣ «ዓይንህን ጨፍን። የትኛው ነው የወፈረው?» አሏቸው። ልዩነቱ የአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶኛ ነበር። በጣታቸው ዳስሰው ለዩት። አለቃም፣ «መጥረጊያውን ለሌላ ስጥ» አሉ። በዚያ ቀን የተጀመረው ሥራ ሙሉ ዕድሜ ወሰደ። ከጊዜ በኋላ ነገርን ሁሉ በመቶኛ ስለሚለኩ የሥራ ባልደረቦቻቸው «መቶኛ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ወንበር ሲጠጋላቸው እንኳ «ሁለት መቶኛ ወደ ግራ» የሚሉ ሰው ነበሩ።

በ1984 ዓ.ም. ጋብቻ መሠረቱ። ባለቤታቸው በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምራ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። የተዋወቁት የትምህርት ቤቱ የውሃ ፓምፕ ዘንጉ ተሰብሮ ሊጠግኑ በመጡ ጊዜ ነው። የተሰበረውን ለርእሰ መምህሩ ለማስረዳት ሰሌዳ ጠየቁ፤ የእርሷ ሰሌዳ ላይ ሳሉ፤ ሲጨርሱም የእርሷን ጽሑፍ ሳይነኩ የራሳቸውን ብቻ አጠፉ። የልጅቱ ወንድም ነገሩን ሲሰማ፣ «ዲግሪ ይዘሽ ለቱታ?» ብሎ ነበር። እናቷ ግን፣ «ቱታ ይታጠባል» ብለው ንግግሩን ዘጉት። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ተወልደዋል።

በ1998 ዓ.ም. በወርክሾፑ አዲስ ደንብ ተለጠፈ። የኮሌጅ የምስክር ወረቀት የሌለው ሠራተኛ የክፍል ኃላፊ መሆን አይችልም፤ አዲስ ሠራተኛም ማሠልጠን አይችልም ይላል። በዚያን ጊዜ አሥራ አራት የቶርኖ ባለሙያዎችን አሠልጥነው ነበር። ከአሥራ አራቱ አንዱ፣ ወረቀት ስለነበረው፣ የእሳቸው አለቃ ሆኖ ተሾመ። ሰውየው ራሱ አፍሮ ለአንድ ሳምንት ያህል በሌላኛው በር ይገባ ነበር። እሳቸው አላኮረፉም። በአርባ አራት ዓመታቸው ወደ ሙያና ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደው ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የማሽን ሾፕ ሥልጠና ተመዘገቡ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል ሲገቡ ተማሪዎቹ በሙሉ ብድግ አሉ። መምህሩ መስለዋቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ እኔም ልቀመጥ ነው የመጣሁት» ብለው ወደ ኋላ ወንበር አለፉ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው «ፋዘር» ሆነ። አሠልጣኙ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያንሳቸዋል፤ አንድ ነገር ሲጠፋው «ጋሼ፣ እስቲ ያስረዱልኝ» ይላል፤ ነጥብ ሲሞላ ደግሞ «ተማሪ» ይላቸዋል።

ኮሌጁ የሰጣቸውን እሳቸው ክደው አያውቁም፤ እዚህም አይካድም። የሥራ ስዕልን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ የተማሩት እዚያ ነው። ብረት ከአንድ ጫፉ ወደ ሌላው እየቀጠነ እንዲሄድ ሲፈለግ የመቁረጫውን ዝንባሌ ለሃያ ስድስት ዓመት በሙከራ ነበር የሚያገኙት። ስሌቱ እንዳለ የሰሙት በኮሌጁ ነው፤ የተረዱት ግን በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ባለቤታቸው ሦስት ማዕዘን ስላ ስታሳያቸው ነው። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ካዩ በኋላ፣ «አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን ደብቀሽኝ ነው?» አሏት። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለቻቸው። በዚያ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረችው ታላቋ ልጅና አባቷ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ላጲስም ይሻሙ ነበር።

የማይካደው ሌላ ነገርም አለ። በዚያ ዘመን ከሰባቱ ቶርኖዎች የሚነሡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሃያ ሁለት ተማሪ ለሁለት ማሽን ማለት ነው። የአንድ ተማሪ ድርሻ በሳምንት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ይህን ቁጥር በእርሳስ የጻፉበት ደብተር ቤት አለ። በቀረው ሰዓት ብረት አቆራረጥ በጠመኔ ይማራሉ። እሳቸው ሦስተኛውን ቶርኖ ከፍተው ጥርሱ የተበላውን አንድ ማርሽ በራሳቸው ወርክሾፕ ሠርተው አመጡ፤ ማሽኑም ተነሣ። የኮሌጁ ምላሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ «ተማሪ የመንግሥት ንብረት መክፈት አይችልም» ይላል። ማሽኑ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ከሚሠሩት ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው።

የማጠቃለያው ፈተና በ2000 ዓ.ም. ተሰጠ። በንድፈ ሐሳቡ ከክፍሉ አንደኛ ወጡ። የወደቁት በተግባሩ ነው።

ጉዳዩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ለፈተና የሚሰጠው ስዕል አንድ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚይዘው ባለ ኳስ የብረት ቀለበት፣ ይገባበታል። ኩሽኔታው ውስጡ ልክ ሠላሳ ሚሊሜትር ስፋት አለው። ዘንግና ኩሽኔታ አብረው እንዲዞሩ ዘንጉ ከሠላሳ በአንድ መቶኛ ያህል በልጦ ኩሽኔታው ተጨንቆ መግባት አለበት። ዘንጉ ካነሰ ኩሽኔታው ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ዘንጉን እየፈጨ ይበላዋል፤ ማሽኑ በወራት ውስጥ ይበላሻል። ስዕሉ ላይ የተጻፈው መጠን ግን ዘንጉ ከሠላሳ በአምስት መቶኛ ማነስ አለበት ይላል። እሳቸው ስዕሉን አንብበዋል። እጃቸው ግን የሃያ ስምንት ዓመት እጅ ነው፤ ኩሽኔታ ሲያይ የሚሠራውን ያውቃል። ሠላሳ ከአንድ መቶኛ አድርገው ሠሩት።

ፈታኙ ሦስት ጊዜ ለካ።

«ጋሼ፣ ወፍሯል።»

«ለኩሽኔታ ነው የኔ ልጅ።»

«ወረቀቱ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠና አምስት ነው የሚለው። ከዚያ በላይ አልቀበልም።»

«በወረቀቱ ከሠራሁት ኩሽኔታው ዘንጉን ይበላዋል።»

«ይብላዋ! እኛ ኩሽኔታ አንገጥም፤ የምንለካው ዘንጉን ነው።»

በውጤት መግለጫው ላይ «ገና ብቁ አይደሉም» ተብሎ ተጻፈላቸው። በዚያ ሳምንት ወርክሾፑ ውስጥ ለአንድ ሆስፒታል ጄኔሬተር ዘንግ እየሠሩ ነበር።

ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው፣ «ወረቀቱ ያለውን ብትሠራ ምን ነበረበት?» አለቻቸው። ሒሳብ የምታስተምር ሴት ናት፤ የተጠየቀውን መመለስ ለእርሷ ቀላል ነገር ነበር። ንግግሯ ትክክል አልነበረም፤ የሚመዘገብ ከሆነ ይህም ይመዝገብ። እሳቸው ለአራት ቀን ያህል «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነበር የሚናገሩት።

በ2001 ዓ.ም. ድጋሚ ተፈተኑ። ያው ስዕል ነው። ዘንጉን ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠና ሦስት አድርገው ሠርተው አስረከቡ። ዘጠና ስድስት ከመቶ አገኙ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሲያጨበጭቡ፣ «በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ መጥፎው ዘንግ ይሄ ነው፤ ዘጠና ስድስት አመጣ» ብለው ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አልፈቀዱም።

በ2002 ዓ.ም. ኮሌጁ የማሽን ሾፕ መምህር ሲፈልግ አመለከቱ፤ ተቀጠሩም። ወርክሾፑ ሊያስቀራቸው ለምኗል። ለምን እንደሄዱ ለባለቤታቸው የነገሯት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ስዕሉን ሳላሳርም አልሞትም» አሉ። አልሆነም።

በመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ጊዜያቸውን በኮሌጁ መጋዘን የቆዩ ወረቀቶችን ሲያገላብጡ አሳለፉ፤ የስህተቱንም ምንጭ አገኙት። ስዕሉ ሲጀመር ኩሽኔታ አልነበረበትም። ዘንጉ የሚዞረው በነሐስ ቀለበት ውስጥ ነበር። በነሐስ ውስጥ ለሚዞር ዘንግ ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማነስ አለበት፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ስዕሉን ዘመናዊ ለማድረግ ነሐሱን ፍቆ ኩሽኔታ ሳለበት፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ ተወው። ማንም ክፉ አላሰበም። እንዲህ ያለውን ስህተት ስዕል የማያውቅ ሰው አይሠራውም። የቀረው ነገር ቁጥሩን መለወጥ ነበር፤ ለአንድ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ወሰደ። አላለቀም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ለክፍል ኃላፊው ተጻፈ። ኃላፊው በአክብሮት ተቀበላቸው፤ «መምህር፣ ልክ ነዎት። ግን ስዕሉ ከላይ ነው የመጣው፤ እኔን ከእንጀራዬ አያጣሉኝ» አላቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለዲኑ ተጻፉ። ዲኑ ተቀየሩ፤ ለአዲሱ ዲን እንደገና ተጻፈ። አምስተኛው ወደ ፈተና ዝግጅት ቢሮ ሄደ፤ ከሁለቱም ስዕሎች ቅጂና ከስሌቱ ጋር። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው መልስ «ለሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» የሚል ነው፤ አድራሻው የሌላ ሰው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመጣው ደግሞ ስዕሉን ማሻሻል የሚችለው ያጸደቀው ኮሚቴ ብቻ መሆኑን፣ ኮሚቴው ግን የተሰጠውን ሥራ አጠናቆ መበተኑን ይገልጻል። ይህን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡትና፣ «ውሃ ስንወቅጥ ሙቀጫው አለቀ» አሉ። ደብዳቤዎቹን የምትጽፈው ባለቤታቸው ነበረች። በየዓመቱ ቃላቱን ታለዝብ ነበር፤ እሳቸው በየዓመቱ ያከርሩት ነበር። በአንድ «ምናልባት» ሙሉ ቅዳሜ የተጣሉበት ጊዜ አለ።

ዓመቱን ሙሉ ትክክለኛውን ያስተምራሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ዘንግ ሠርቶ ኩሽኔታውን አሙቆ እንዲያስገባ ያደርጋሉ፤ ብረት ብረትን ሲነክስ በእጁ እንዲሰማው። «ጋሽ መቶኛ ዛሬም አስለቀሰን» እየተባለ የተሠራው ይጣላል፤ እንደገና ይሠራል። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ተማሪዎቹን ሰብስበው፣ «ይህ ቁጥር ውሸት ነው። ለፈተናው ሥሩት፤ እውነቱን ግን አትርሱ» ይሏቸዋል። በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ሰው ባያናግራቸው ይመርጡ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ አልታዘዝም አለች። በኩራቷ ምክንያት «እሜቴ» ይሏት ነበር፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደ እርሷ ያለ እጅ እንዳላዩም ይናገሩ ነበር። በፈተናው ቀን ሠላሳ ከአንድ መቶኛ ሠርታ አስረከበች። ሲቆጧት፣ «ጋሽ መቶኛ፣ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?» አለቻቸው። ወደቀች። ሊቀጥራት ቃል ገብቶ የነበረ ፋብሪካ ሌላ ሰው ወሰደ። ድጋሚ እንድትፈተን ቤቷ ድረስ ሄደው ለመኗት። «የውሸቱን አልሠራም» አለች፤ አልሠራችምም። አሁን በአንድ የሞባይል መሸጫ ባንኮኒ ላይ ትሠራለች። መምህሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ መንገድ አላለፉም፤ ወደ ሥራ ለመሄድ በገበያው በኩል ይዞሩ ነበር። እርሷን ያበላሸኋት እኔ ነኝ ይሉ ነበር። ባለቤታቸው በዚህ አትስማማም፤ ግን አላሳመነቻቸውም።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ወራት እንደቀሩ ገለጸላቸው። የጠየቁት፣ «እስከ ሰኔ?» ብለው ነው፤ ሰኔ የፈተና ወር ነው።

አሥራ አንደኛው ደብዳቤ ለፈተና ዝግጅት ቢሮ የተጻፈው ከሆስፒታል አልጋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣን መልስ መጣ፤ አመልካቹ የስዕሎቹን ዋና ቅጂ ይዘው በአካል እንዲቀርቡ ይጠይቃል። መጋቢት ውስጥ፣ ሐኪም ሳይፈቅድ፣ በባለቤታቸው ክንድ ተደግፈው ሄዱ። ሦስት ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። በየመታጠፊያው እየተቀመጡ ወጡ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ጸሐፊዋ ውሃ አመጣችላቸው፤ ፊታቸውን አይታም ተጨነቀች።

«አባባ፣ ሰኞ ቢመለሱ አይሻልም?»

«እሺ ልጄ፤ ሰኞ ካለሁ።»

ስዕሎቹን ለጸሐፊዋ ሊተዉላት ፈለጉ። ያለ ኃላፊው ፊርማ መቀበል አልቻለችም። ይህ በእግራቸው የወጡበት የመጨረሻ ቀን ነው። ባለቤታቸው ሰኞ ብቻዋን ሄደች፤ አመልካቹ ራሳቸው መቅረብ እንዳለባቸው ተነገራት።

ሐሙስ ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በቤታቸው፣ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስቱም ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም አንዲት ታናሽ እህት ትተው ሄደዋል። በወርክሾፕና በኮሌጅ ያሠለጠኗቸው ከሁለት መቶ ሰባ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ ቆመዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ነርሶች፣ ደረጃ ሲወጡ ወንበር እያቀበሉ ላሳረፏቸው ስማቸውን ላላወቅናቸው ሰዎች ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ኮሌጁ የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ እናመሰግናለን። የፈተና ዝግጅት ቢሮውም ተወካይ መላኩን ሰምተናል። የስዕሎቹ ዋና ቅጂ ከባለቤታቸው ጋር ይገኛል፤ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ደረጃም የለውም።

ፈጣሪ ለደከመ እጃቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ሰላምን፣ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

ፈተናው ሰኔ 14 ቀን ነው። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ይቀርባሉ። ስዕሉ አልታረመም። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰብስቦ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው የለም።